አይጡን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም

ያላመጣሁትን አይጥ አምጥተሃል ተብዬ፣ እህልህን ይዘህ ከግቢያችን ውጣ ተባልኩ። በደሌ ይኸው ነው። የፈረዱብኝ ሰዎች ለዓመታት ከእጄ ጤፍ እየገዙ የበሉ ጎረቤቶቼ ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ “እስኪ መጀመሪያ እንይ” አላለም።

ግቢው ልደታ ነበር፤ አሁን የለም፤ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። የቀበሌ ቤት ነው። በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር የተደረደርን አምስት አባወራዎች ነበርን። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም የሚለየን እስከ ኮርኒሱ ድረስ ብቻ ነው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ቦታ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ኮርኒስ የምንለውም ማዳበሪያ ተሰፍቶ፣ በቀጭን እንጨት ተወጥሮ፣ በኖራ የተቀባ ነገር ነው። አንዱ ቤት ሲያነጥስ ከሦስተኛው ቤት “ይማርህ” ይባላል።

እኔ መንገድ ዳር ባለችው የመጀመሪያዋ ቤት ጤፍ፣ ስንዴ፣ አተር፣ ምስር እሸጣለሁ። ከኋላ ባለችው ክፍል ከሚስቴ ጋር እኖራለሁ። ከዚያ በፊት እህል በረንዳ ተሸካሚ ነበርኩ፤ የእህል አያያዝን የተማርኩት ኩንታል በጀርባዬ ተሸክሜ ነው። ኩንታል መሬት አይቀመጥም፤ የእንጨት ርብራብ ላይ ነው የሚደረደረው። ግድግዳም አይደገፍም፤ ከኋላው ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለታል። የፈሰሰ ፍሬ ሳይጠረግ አይታደርም፤ አይጥ የሚመጣው የፈሰሰውን ብሎ ነውና። እኔ ይህን ሁሉ አደርግ ነበር። ጎረቤቶቼ በየቀኑ ሱቄ እየገቡ ያዩታል። ያዩትን ግን ሲፈርዱ ረሱት።

ነገሩ የፈነዳው የሾፌሩ ልጅ በተነከሰች ጊዜ ነው። ሾፌሩ ሦስተኛው ቤት ነው የሚኖረው፤ ሚኒባስ ይነዳል፤ አፉ ቀልድ አያልቅበትም። አንድ ጠዋት ሚስቱ ስትጮህ ሁላችንም ወጣን። ሕፃኗ አልጋ ላይ እንደተኛች አይጥ የእግሯን ጣት ነክሷታል። ደሙ ትንሽ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ሰንጋ ተራ ይሰማል። ሐኪም ቤት ወስደው አስወጓት።

እስከዚያ ቀን ድረስ በግቢያችን “እኔ ቤት አይጥ አለ” ያለ ሰው አልነበረም። አንደኛ ያሳፍራል፤ አይጥ አለብኝ ማለት ቆሻሻ ነኝ ማለት ነው። ሁለተኛ ይፈራል። በኛ ግቢ አይጥ በስሙ አይጠራም ነበር። ስሙን ጠርተህ ከሰደብከው ወይም መርዝ እገዛለሁ ብለህ ከዛትክ፣ ሰምቶ ልብስህን ይቆራርጣል ይባላል። ሴቶቹ “እነዚያ” ነው የሚሉት፤ “እነዚያ ሳሙናዬን በሉት” ይላሉ። ወንዶቹ እንስቃለን፤ ነገር ግን እኛም የምናወራው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው።

ስለዚህ ሁሉም ተደብቆ በየቤቱ መርዝ ያደርጋል፤ ለጎረቤቱ አይነግርም። አንዱ ቤት መርዝ ሲደረግ አይጦቹ በኮርኒሱ ላይ ተሻግረው ሌላው ቤት ይገባሉ። እዚያም መርዝ ሲደረግ ወደ ሦስተኛው። ዓመት ከዓመት እርስ በርስ ስንገፋፋባቸው ኖርን፤ ይህን ስናደርግ ደግሞ ማናችንም አናውቅም ነበር።

የሁዳዴ ጾም የሚገባ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው መካከል ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ሻምበል ነበሩ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ውሃ ቢቋረጥም፣ ሁለት ሴቶች ቢጣሉም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

“እህል ባለበት እሱ አለ” አሉ ሻምበል። “ይሄ ክርክር አያስፈልገውም።”

“ሻምበል፣ እኔ ከመምጣቴ በፊትስ አልነበረም?” አልኩ።

“ነበር። ግን እንዲህ አልደፈረም።”

ሾፌሩ ከዳር ሆኖ፣ “አሁን እኮ ደንበኛ ሆኗል ጋሼ! በኪሎ ነው የሚገዛው” አለ። ሰዉ ሳቀ። ልጁ ተነክሳ ይቀልዳል፤ ንዴቱ የሚወጣለት በቀልድ ነው።

ከሁሉም የከፉብኝ ግን እማማ ናቸው። እማማ የምንላቸው በመጨረሻዋ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ቆራቢ ናቸው፤ ጾም አያጓድሉም፤ ግቢው በሙሉ ጉልበታቸውን ስሞ ነው የሚያልፈው። ከተቀመጡበት ተነሥተው በምርኩዛቸው ጠቆሙኝ።

“እኔ ቤት እነዚያ ገብተው አያውቁም! የጸሎት ቤት ነው። ይሄ ሰው ከመጣ ወዲህ ግን ጣራው ሲንኮሻኮሽ ነው የሚያድረው። እህሉን ያውጣልን!”

እማማ ይህን ካሉ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። እስከ ፋሲካ እህሌን ይዤ እንድወጣ ተፈረደ። ሻምበል በወረቀት ጻፉትና አነበቡልኝ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የማኅተም ቀለም አምጥተው አውራ ጣቴን ሲይዙ፣ እጄን ጨበጥኩ።

“ያላነበብኩትን አልፈርምም።”

“አነበብንልህ እኮ!”

“ያነበባችሁት እናንተ ናችሁ።”

አልፈረምኩም። በኋላ ጎልማሳ ሆኜ የማታ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ የዚያ ቀን ንዴት ነው። ይህንንም የምጽፈው በሱው ነው።

ሚስቴ ቤት ገብተን፣ “ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ክፍል እንፈልግ፤ ከሰው ጋር ተጣልቶ መኖር አይቻልም” አለችኝ።

“ምን ብዬ ነው የምሄደው?” አልኳት። “አይጥ ይዞ ዞረ፣ አይጥ አመጣ ተብሎ ተባረረ የተባለ ሰው እህል ማን ይገዛዋል? ስሙ ከኔ ቀድሞ ነው እዚያ የሚደርሰው።”

እውነቴን ነበር። ጾሙ የኛ ገበያ ነው፤ ሽሮ የማይፈጭ፣ ምስር የማይከካ ቤት የለም። በዚያ ጾም ግን ሴቶቹ መጥተው እህሉን በእፍኛቸው አንሥተው ያሸቱት ጀመር። አሽትተው መልሰው ያፈሱታል፤ “ኋላ እመለሳለሁ” ይላሉ። አይመለሱም። እህል ነጋዴ ካመኑት ነው ነጋዴ። ፋሲካ ሳይደርስ ከየት እንደሚመጡ ካላገኘሁ አለቀልኝ። አልወጣም አልኩ፤ አገኛለሁም አልኩ።

በመንገዳችን “የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!” እያለ የሚዞር ሰው አለ። ሲያልፍ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ በሙሉ ድምፄ ጠራሁት።

“አንተ! የአይጥ ወጥመድ አለህ?”

እማማ ከውስጥ እየተጣደፉ ብቅ አሉ። “ኧረ ቀስ በል አንተ ሰው! ይሰሙሃል!”

“ይስሙ።”

“በኋላ ቂማቸውን በኛ ልብስ ነው የሚወጡት!”

“እንግዲያው ሣጥንዎን ይቆልፉ” አልኩና ወጥመዱን ገዛሁ። መርዝ አልፈለግሁም፤ እህል ባለበት ቤት መርዝ አይደረግም።

የዚያን ዕለት ሱቁን ስዘጋ ወለሉን በሙሉ ስስ ዱቄት ነሰነስኩበት። እህል በረንዳ የለመድነው ዘዴ ነው፤ ዱቄት ላይ የሚሄድ ነገር እግሩን ጥሎ ይሄዳል። ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ ተጽፎ ጠበቀኝ። ከበሩ በኩል አንድም ዱካ የለም። ከውጪው ቦይ በኩልም የለም። ዱካው ሁሉ የሚነሣው ከጓዳው ጥግ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ከሚገናኙበት ሥር ነው። ወርደው፣ ኩንታሉን ዞረው፣ የሚበሉት ሲያጡ ርብራቡን ቦርቡረው፣ በመጡበት ተመልሰዋል። እኔ ቤት የሚኖር አይጥ የለም። እንግዶች ናቸው።

እንደገና ነሰነስኩ፤ ያው ነው። በየዕለቱ ያው ነው። በመጨረሻ ወጥመዱን እዚያ ጥግ ላይ፣ ለውዝ አድርጌበት አስቀመጥኩት። የያዝኩት አይጥ ድመት የሚያህል፣ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ ነበር። የተራበ አይጥ እንዲህ አይሆንም። አጠገቡ አንድ ቅራፊ ነገር ወድቋል። አነሣሁት። ለሚስቴ ሰጠኋት፤ በጣቷ ሰበረችው።

“ድርቆሽ ነው” አለች።

ድርቆሽ ማለት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ እንጀራ ነው። እኛ ድርቆሽ የለንም፤ የተረፈንን እንጀራ ፍርፍር ነው የምናደርገው። ከሚስቴ ጋር ተያየን። በግቢያችን በየሳምንቱ ወንፊት ላይ እንጀራ ቆራርሰው ፀሐይ የሚያሰጡ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

“ዝም በል” አለችኝ ሚስቴ። “እሳቸውን ተናግረህ ማን ሊያምንህ ነው?”

“እሺ፣ አይቼ ነው የምናገረው።”

ጠረጴዛ ላይ ወንበር አድርጌ፣ የራሴን ኮርኒስ ቀድጄ ወጣሁ። ቀን ነው፤ በቆርቆሮው ሚስማር ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባል። ባትሪም ይዣለሁ። ማገሩን እየያዝኩ፣ በግድግዳዎቹ ጫፍ ላይ በደረቴ እየተሳብኩ ሄድኩ። የሻምበልን ቤት አለፍኩ፤ ከታች ራዲዮናቸው ያወራል። የሾፌሩን ቤት አለፍኩ፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች። አቧራውና የአይጡ ሽንት አፍንጫዬን አቃጠለው። መንገዳቸው ይታያል፤ ከዳር እስከ ዳር የተረገጠ፣ የጠቆረ፣ የቅባት ዱካ ያለው መንገድ። የኛ ሰፈር አስፋልት እንኳ እንደዚያ አልተረገጠም።

የእማማ ቤት ላይ ስደርስ መንገዱ አበቃ። ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ተደራርቧል። አፋቸው በሰማያዊ ሲባጎ ተሰፍቷል፤ ጎናቸው ግን ሁሉ ተበልቷል። ድርቆሽ ነው። የላዩ ቡናማ ነው፤ የታቹ ጠቁሮ ዱቄት ሆኗል። በመካከሉ ጎጆ ሠርተው ፀጉር ያላወጡ ልጆች ወልደዋል። ባትሪ ባበራባቸውም አልሸሹም። ቤታቸው ነው፤ ለምን ይሸሻሉ?

ወረድኩና አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ በሩን አንኳኳሁ።

“እማማ፣ ኮርኒስዎ ላይ ምን አስቀምጠዋል?”

“ምን አገባህ?”

“ያገባኛል። በሱ ነው የተፈረደብኝ።”

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ስለት ነው” አሉ። “የገዳም ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ከአንድ ሩቅ ገዳም መነኩሴ እየመጡ፣ ሰው ያደረቀውን ድርቆሽ ሰብስበው ለመናንያኑ ይወስዱ ነበር። እማማ ታመው ስለዳኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን ድርቆሽ ሊሰጡ በማርያም ስም ተሳሉ። ከዚያ መነኩሴው መምጣት አቆሙ። ይሙቱ፣ ይታመሙ የሚያውቅ የለም። እማማ ግን በየሳምንቱ ማድረቃቸውን አላቆሙም። ለስለት የተሰጠ ነገር አይበላም፤ አይጣልም፤ ሰው በሚረማመድበት ቦታም አይቀመጥም። ስለዚህ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ አስቀመጡት። ያላቸው ከፍ ያለ ቦታ ኮርኒሱ ብቻ ነው፤ ማዳበሪያ በሞላ ቁጥር መንገደኛ ለምነው ያስወጡታል።

“ይመጣሉ” አሉኝ። “አንድ ቀን ይመጣሉ።”

“እማማ፣ አይጥ ነው እየበላው ያለው።”

“ስሙን አትጥራው እቤቴ!”

“አይጥ ነው እማማ። የሾፌሩን ልጅ የነከሳት በእርስዎ ድርቆሽ የደለበ አይጥ ነው።”

“ውጣልኝ!”

“እወጣለሁ። ግን ለሻምበል እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። ካልነገሩ እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“የማርያምን ነገር የሚነካ ሰው ምን እንደሚሆን ታያለህ!”

አላዘንኩላቸውም። መደበቅ አያስፈልግም፤ እሳቸውም ምርኩዛቸውን ሲያነሡብኝ አላዘኑልኝም።

ጥቂት ቀን ጠበቅሁ፤ አልተናገሩም። ለሻምበል ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው። በዚህ ነገሩ ያበቃል ብዬ ነበር። ሻምበል አዳምጠውኝ አገጫቸውን አሻሹ።

“ስለት ነው ያልከኝ?”

“አዎ።”

“እንግዲያማ አይነካም።”

“እንዴት ነው የማይነካው? አይጡ እዚያ ነው የሚራባው!”

“ወንድሜ፣ ለማርያም የተሰጠ ነገር ነው። ማን ደፍሮ ያወርደዋል? አንተ እህልህን ብታወጣ ይቀላል።”

ይህን ነው ያሉኝ። ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን ካወቁ በኋላ ነው ያሉኝ። ለካ እውነቱን ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ሁሉም ስለቱን ፈራ፤ እኔን የሚፈራኝ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ የምወጣው እኔ ነኝ። ለሾፌሩም ነገርኩት። “ጋሼ፣ እኔ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ” አለኝ። “ከማርያም ጋር ተጣልቼ መሪ አልይዝም።”

እንግዲያው የማይፈራ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። የእማማ የነፍስ አባት ልደታ ማርያም ነበር የሚያገለግሉት። በአዘቦት ቀን ሄድኩ፤ በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነውና ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ መስቀል ተሳልሜ ያለ መግቢያ ጠየቅኳቸው።

“አባ፣ ለስለት የተሰጠ እህል አይጥ ቢበላው፣ ስለቱ ደርሷል ይባላል?”

“ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?”

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍርዱንም፣ ኮርኒሱንም፣ ሻምበልንም። አባ ሲሰሙ ቆይተው፣ “አንተ በዓይንህ አይተኸዋል?” አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

“በደረቴ ተስቤ ነው ያየሁት።”

“በል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ሰዉን አቆይልኝ።”

እሑድ መጡ። ግቢው በሙሉ ወጥቶ መስቀል ተሳለመ። እማማም መጥተው ሲሳለሙ፣ አባ እጃቸውን ያዙ።

“ልጄ፣ የተሳልሽው ለማን ነበር?”

“ለመናንያን አባ። ለሚራቡት።”

“የተራበ ሰው በልቶታል?”

እማማ ቀና ብለው ሰዉን አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬት አዩ። “አልበላውም” አሉ።

“እንግዲያው ስለትሽ አልደረሰም። ያ ላይ ያለው የተበላሸ ነገር ነው፤ ይውረድና ይቀበር። ከነገ ጀምሮ አታድርቂው። ትኩሱን እንጀራ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉት ችግረኞች ስጪ፤ ስለትሽን እዚያ ታደርሻለሽ። እኔ ፈቅጃለሁ።”

እማማ አለቀሱ። ይህን ጊዜም እንኳ ድርቆሹን ለማውረድ የሚወጣ ሰው አልተገኘም። የወጣሁት እኔ ነኝ። ከውስጥ ኮርኒሳቸውን በቢላ ስሰነጥቀው የመጀመሪያው ማዳበሪያ ወርዶ ፈነዳ፤ አይጡ እንደ ጎርፍ በበሩ ወጣ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። ሾፌሩ ያረጀ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ይዞ ግራና ቀኝ ይገርፋል። ሻምበል በርጩማ ላይ ወጡ።

“ሻምበል! ግንባሩን ለቀቁ እንዴ?” አለ ሾፌሩ እያለከለከ።

“ዝም ብለህ ምታ አንተ!”

ጎጆውን ስንበትነው የየቤቱ ንብረት ወጣ። የሻምበል ካልሲ አለ፤ የሾፌሩ ሚስት ነጠላ ጥለት አለ፤ የኔ ማዳበሪያ ክር አለ። ከሁሉም ቤት ቀረጥ ሰብስበዋል። አባ እንዳዘዙት ድርቆሹን ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው።

እኔ በዚያ አልተውኩም። በራችሁን አትዝጉ አልኩ። ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ካልተሠራ ተመልሰው አንዱ ዘንድ ይገባሉ፤ እንዲህ እያደረግን ነው የኖርነው አልኳቸው። ሁሉም አልጋውን ሳበ፣ ሣጥኑን አወጣ። ሻምበል አልጋ ሥር ትልቅ ቀዳዳ ተገኘ፤ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሾፌሩ ሲሚንቶ አመጣ፤ ጠርሙስ ሰባብረን አብረን አቦካነው፤ ጠርሙስ ያለበትን ሲሚንቶ አይጥ አይቦረቡርም። በየቀዳዳው ወተፍነው። ከየግድግዳው ጫፍ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለውን ክፍተትም በጭቃ ዘጋነው። ያን ቀን ነው አምስቱ ቤት በእውነት አምስት ቤት የሆነው።

ከዚያ በኋላ አይጥ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ከቦዩ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር፤ መጥቶም ይያዝ ነበር። ሰው ግን “እኔ ቤት አንድ ገብቷል፤ እናንተም እዩ” መባባል ጀመረ።

ሰዉ እጁን ታጥቦ ሊበተን ሲል በሩ ላይ ቆምኩ።

“አልጨረስንም” አልኩ።

“ምን ቀረ ደግሞ?” አሉ ሻምበል።

“ፍርዱ።”

“ይኸው ሁሉም አየ እኮ። ምን ፍርድ አለ ከዚህ በኋላ?”

“ሲፈረድብኝ ሰው ፊት ነው። ሲነሣልኝም ሰው ፊት ይነሣ። ጮክ ብለው ይናገሩት፤ ለደንበኞቼ የሚያወሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው።”

“ጋሼ ደግሞ ግግም!” አለ ሾፌሩ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከበሩም አልተነቃነቅሁም።

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የወታደር ድምፃቸውን አውጥተው፣ “በዚህ ሰው ላይ የፈረድነው በስሕተት ነው። እህሉ ንጹሕ ነው። ሱቁም ባለበት ይቆያል” አሉ። ወረቀቱንም ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱት።

እማማ ከደጃፋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። “ከኔ ነው የመጣው” አሉ፤ “እሱን ተዉት።” ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። የተናገሩት ይበቃኛል።

ነገሩ ያለቀው እሑድ፣ መጋቢት 28 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው።